በደብረ ብርሃን ቤት ላይ ሶላር ማስገጠም፦ ከቀረቡልን ሦስት ዋጋዎች የትኛው ይሻላል?

መምህርት ከደብረ ብርሃን (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ነው። ቤታችን በቆርቆሮ የተከደነ ባለ አራት ክፍል ሲሆን፣ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር እንኖርበታለን። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት ያልተከፈተው ኢንሱሊኗ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ዘጠኝ ቀን ያለ መብራት በቆየንበት ጊዜ፣ መድኃኒቷን ጀነሬተር ባለው ፋርማሲ በአደራ አስቀምጬ እየተመላለስሁ ለማምጣት ተገድጃለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ቤት ውስጥ ልብስ ስለሚሰፋ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው ይቆማል።

ሶላር ለማስገጠም ወስነን ከሦስት ሻጮች ዋጋ አስቀርበናል። የመጀመሪያው ፓኔል የለውም፤ ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ጉልበት ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው) እና ሁለት ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪዎች ሆኖ፣ ባትሪዎቹ መብራት ባለ ጊዜ ከመስመር ይሞላሉ። ሁለተኛው ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔል፣ ባለ 3 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (ከፓኔልም ከመስመርም የሚሠራ) እና አንድ ባለ 25.6 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ይዟል። ሦስተኛው ስድስት ፓኔል፣ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተርና ባለ 10 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ሲሆን፣ ሻጩ ምጣድም ያስነሳል ብሎናል። ዋጋቸው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ብሩን ከምጽፍ ንጽጽሩን ልንገራችሁ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲሆን፣ ሦስተኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

የትኛውን ትመክሩናላችሁ? በቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ ዕቃውን ከዚያ ገዝቼ ልላክ ይላል፤ ያዋጣል? ጎረቤቶቻችን ደግሞ የአባይ ግድብ ስለተመረቀ ከእንግዲህ መብራት አይጠፋም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ ይሉናል።

ኤሌክትሪሻን ከአዳማ

እህቴ፣ ዋጋውን ከማነጻጸር በፊት ቤታችሁ በቀን ስንት ዋት ሰዓት እንደሚፈጅ መታወቅ አለበት፤ ሻጮቹ ይህን ሳይጠይቁ ዋጋ ሰጥተዋችሁ ከሆነ የሰጧችሁ መጋዘናቸው ውስጥ ያለውን ነው። በግምት ልሥራላችሁ። ስምንት ባለ 9 ዋት አምፖሎች አምስት ሰዓት ቢበሩ 360፣ ቴሌቪዥን አራት ሰዓት 320፣ ፍሪጅ በእናንተ ብርድ 900 ገደማ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ የኢንተርኔት ራውተር 240፣ ስልኮች 60፣ ላፕቶፕ 300፣ የልብስ ስፌት መኪናው 400 ቢወስድ ጠቅላላው 2,580 ዋት ሰዓት ይሆናል። በኢንቨርተሩና በባትሪው የሚባክነው ሲጨመር ወደ 3,100 ይደርሳል።

አሁን ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ሦስቱ ዋጋዎች እንሂድ። የመጀመሪያው ባትሪ በጽሑፍ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆንም፣ ጄል ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይመከር የምትጠቀሙበት 2.4 ብቻ ነው፤ ለአንድ ቀን እንኳ አይሞላም። መብራት ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ለሚጠፋበት ቤት በቂ ነው። ትራንስፎርመር ሲቃጠል ግን በመጀመሪያው ቀን ማታ ባዶውን ይቀራል፤ የሚሞላው ምንጭ የለውምና። ሁለተኛው ባትሪ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖ ከዚያ ውስጥ 80 በመቶውን፣ ማለትም ወደ 4.1 የሚሆነውን ያለ ሥጋት ትጠቀሙበታላችሁ። ለክረምት የፀሐዩን ጉልበት በቀን ወደ 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብናስበውና ሩቡን ለብክነት ብንቀንስ፣ ሁለቱ ፓኔሎች 3,300 ዋት ሰዓት ያመርታሉ። በበጋ ፀሐዩ ወደ 6 ሰዓት ስለሚጠጋ ይተርፋችኋል። ስለዚህ ለቤታችሁ የሚመጥነው ሁለተኛው ነው።

የምጣዱን ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ አንድ ጊዜ እንጀራ ሲጋገር ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሊፈጅ ስለሚችል የሦስተኛውን ባትሪ ግማሽ ይበላል። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚጋገር እንጀራ ሲባል ከሁለተኛው ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ መክፈል አያዋጣም። ምጣዱንና ማሞቂያውን ከቆጣሪው በቀጥታ በሚመጣ የራሳቸው መስመርና ብሬከር ላይ ተዉአቸው፤ በኢንቨርተሩ ስር መግባት ያለባቸው አምፖሎች፣ ፍሪጁ፣ የስፌት መኪናውና ሶኬቶቹ ናቸው። ይህን መስመር የመለየት ሥራ ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ገጣሚዎች ስለሚሰንፉበት በውሉ ላይ አስጽፉት።

ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ ሌሎች ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ ጉልበታቸውን የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ዕቃውን ማቀዝቀዝ ስለሚያቅተው ከዚያ በላይ አምራቹ በሚሰጠው መጠን ጉልበቱ ይቀነሳል። ባለ 3 ኪሎዋቱ ለእናንተ አሁንም ይበቃል፤ ሆኖም የመመሪያውን ገጽ ሳታዩ አትግዙ። ሁለተኛ፣ ሊቲየም ባትሪ ሙቀቱ ከዜሮ በታች በወረደበት ሰዓት መሞላት የለበትም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች ደጅ ባለ ጎተራ ወይም በረንዳ ላይ ቢቀመጥ ጠዋት ላይ አይሞላም፤ ጥራት የሌለው ከሆነ ደግሞ ይጎዳል። ቤት ውስጥ፣ ከምድጃ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ሦስተኛው የመብረቅ ጉዳይ ነው፤ ከፓኔል ወገንም ከመስመር ወገንም የመብረቅ መከላከያና ትክክለኛ የመሬት ሽቦ ይኑረው። ቅዝቃዜው በሌላ በኩል ይጠቅማችኋል፤ ፓኔል በእያንዳንዱ የዲግሪ ጭማሪ ከጉልበቱ 0.3 በመቶ አካባቢ ስለሚያጣ፣ የእናንተ ፓኔል ከአፋር ወይም ከእኛ ከአዳማ ፓኔል የተሻለ ይሠራል።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ይዘንብል። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ በሰሜን በኩል ብትሄድም ሰማዩ በዚያን ጊዜ ደመና ስለሚሆን የምናሳድደው የጥቅምትንና የጥርን ፀሐይ ነው፤ ዝንባሌው ከ10 ዲግሪ ካነሰ ደግሞ ዝናቡ አቧራውን አያጥበውም። እያንዳንዱ ፓኔል ወደ 28 ኪሎ ስለሚመዝን ከቆርቆሮው ስር ያለው የባሕር ዛፍ ማገር አለመበስበሱን አስፈትሹ፤ ነፋሳችሁም ቀላል አይደለም።

የባሕር ዳር አባወራ

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ሆኖም ስለ ባትሪው ከራሴ የደረሰብኝን መጨመር እወዳለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ዋጋው ስለቀነሰልኝ የሸጠልኝን ሰው አምኜ ሁለት ባትሪ ገዛሁ፤ በኋላ ሲመረመሩ የጭነት መኪና ማስነሻ ባትሪዎች ሆነው ተገኙ። የመኪና ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ በቀስ እንዲራገፍ ስላልተሠራ በአሥራ አንደኛው ወር ሁለቱም ሞቱ። ዛሬ በሊቲየም ነው የምጠቀመው፤ ያን ጊዜ በገንዘብ የቆጠብሁ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ገዛሁ።

ስለዚህ ባትሪን በመግዣ ዋጋው ሳይሆን በዕድሜው ሙሉ በሚሰጠው ጉልበት አነጻጽሩት። የመጀመሪያው ዋጋ ላይ ያሉት ጄል ባትሪዎች በየቀኑ በግማሽ ቢራገፉ ለምሳሌ 800 ጊዜ ቢያገለግሉ፣ በጠቅላላው 1,900 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣሉ። ሊቲየሙ 4,000 ጊዜ ቢያገለግል ከ16,000 በላይ ይሰጣል። ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። አንድ ነገር ግን ኤሌክትሪሻኑ አላነሱትም፤ ይህ ብልጫ የሚገኘው ባትሪው በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ ነው። መብራት በወር ሁለት ቀን ብቻ ለሚጠፋበት ቤት ያ ሁሉ ዙር ጥቅም ላይ ሳይውል ባትሪው ያረጃልና፣ እንዲህ ላለው ቤት ፓኔል የሌለው አማራጭ ሞኝነት አይደለም። የእናንተ ችግር ግን ቀናት የሚቆይ ስለሆነ ፓኔል የግድ ነው።

ወጪውን ከመብራት ሒሳብ ቆጥበን እናስመልሳለን ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ አትጠብቁ። በቀን 2.6 ኪሎዋት ሰዓት በወር 78 ይሆናል፤ ለስሌት ያህል አንዱን በ5 ብር ብናስበው 390 ብር ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመታት እንዲቀጥል ቢወሰንም፣ በዚህ መጠን የሥርዓቱን ዋጋ ለመመለስ ረጅም ዓመታት ያስፈልጋል። የምትገዙት የእናታችሁን መድኃኒትና የባለቤታችሁን የሥራ ሰዓት ነው። ባለቤታችሁ መብራት በሌለባቸው ቀናት ያጡትን የስፌት ገቢ በደብተር መዝግባችሁ ከዋጋው ጋር ብታነጻጽሩት ከመብራት ሒሳቡ ይልቅ እውነቱን ያሳያችኋል።

ስለ ግድቡም ጎረቤቶቻችሁ ቅንነት አላቸው፤ እኔም የአባይ ልጅ ነኝና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ያለቀስሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን 5,150 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችል ግድብ መኖሩ የሰፈራችሁን ትራንስፎርመር አይጠግንም። ሰፈር ውስጥ መብራት የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ የወደቀ ምሰሶ፣ ያረጀ ሽቦ ወይም ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ስለሚንር፣ ገንዘቡ በእጃችሁ ካለ መቆየት ዋጋ ያስከፍላችኋል።

እህት ከሜሪላንድ

ስለ ወንድምሽ ሐሳብ ብቻ ልመልስ፤ እኔም ለወላጆቼ ለመላክ ሞክሬ ስለማውቀው ነው። በአውሮፕላን በመንገደኛ ሻንጣ የሚፈቀደው ትልቁ ሊቲየም ባትሪ፣ ያውም በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ 160 ዋት ሰዓት ነው፤ የአንቺ 5,120 ስለሆነ በሻንጣ አይታሰብም። ኢንቨርተሩም ቢሆን እዚህ ለቤት የሚሸጠው በ120/240 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ሲሆን የእኛ አገር መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ወንድምሽ እዚህ የሰማው ዋጋም አያነጻጽርልሽ፤ በአሜሪካ የቤት ሶላር በዋት ወደ 3 ዶላር ሲሆን፣ አብዛኛው የሠራተኛ፣ የፈቃድና የኩባንያው ወጪ ነው። ፓኔሉ ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. ከቻይና ፋብሪካ ሲወጣ በዋት ከ15 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር። ከሻጮቹ አንዱ ፓኔሉን የዋጋው ትልቁ ክፍል አድርጎ ካቀረበው ዝርዝሩን ጠይቂ። ወንድምሽ መርዳት ከፈለገ ገንዘቡን በባንክ ይላክ።

መምህርት ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር አንብበነው ሁለተኛውን ለመግዛት ተስማምተናል። ነገር ግን ባለቤቴ አንድ የዘለልነውን አስታወሰኝ፤ የሰፋውን ልብስ የሚተኩስበት ካውያ 1,200 ዋት ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራል። ሦስተኛ ፓኔል ብንጨምር ይሻላል? ደግሞስ ፓኔሉ በእውነት 550 ዋት መሆኑን በምን እናረጋግጣለን?

ኤሌክትሪሻን ከአዳማ

ካውያው 600 ዋት ሰዓት ስለሚጨምር የቀኑ ፍጆታ ከብክነቱ ጋር ወደ 3,800 ይደርሳል፤ በክረምት ሁለቱ ፓኔሎች ከሚያመርቱት ይበልጣልና ሦስተኛው ያስፈልጋችኋል። ባትሪው ግን እንዳለ ይበቃል፤ በተለይ ካውያው እኩለ ቀን ላይ ቢሠራ ጉልበቱን በቀጥታ ከፀሐይ ይወስዳል።

ፓኔል ከመጨመራችሁ በፊት ግን ኢንቨርተሩ ከፓኔል የሚቀበለውን የቮልቴጅ ክልል ከመመሪያው ላይ አንብቡ፤ ዕቃ የሚቃጠለው በዚህ ነው። አንድ ባለ 550 ዋት ፓኔል ምንም ዕቃ ሳይገናኝበት ወደ 50 ቮልት ይሰጣል፤ በውርጭ ጠዋት ደግሞ ከ53 ያልፋል። ሦስቱን በተከታታይ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከሚቀጥለው ነጋቲቭ ጋር) ብታገናኙ 160 ይሆናል። ከፓኔል የሚቀበለው ቢበዛ 145 ቮልት የሆነ ኢንቨርተር ካላችሁ በመጀመሪያው የታኅሣሥ ጠዋት ይቃጠላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሦስቱን ጎን ለጎን (ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ነጋቲቭን ከነጋቲቭ ጋር) ማገናኘት፣ ወፍራም ሽቦ መጠቀምና ለእያንዳንዱ ፊውዝ ማድረግ ይገባል። እስከ 450 ወይም 500 ቮልት የሚቀበል ከሆነ በተከታታይ መገናኘቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከ120 ቮልት በታች ከቶ አይነሡም። ፓኔል ሲሠራ 42 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ ሁለቱ 84 ብቻ ናቸው፤ ሻጩ ያቀረበላችሁ የዚህ ዓይነቱን ከሆነ በሁለት ፓኔል አንድ ቀንም አይሠራም ነበር። ሦስቱም ቢሆኑ 126 ስለሆኑ ለጥቂት ነው የሚያልፉት፤ ከ60 ቮልት የሚነሣውን ጠይቁ።

የፓኔሉን እውነተኛነት ለማረጋገጥ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመቱ 2.28 ሜትር፣ ስፋቱ 1.13 ሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ከዚያ በግልጽ ያነሰ ሆኖ 550 የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ካያችሁ ወረቀቱን አትመኑ። ከዚያ ሻጩ ጠራራ ፀሐይ ላይ አውጥቶ በመልቲሜትር ቮልቴጁን ይለካላችሁ፤ ለመለካት እምቢ ካለ ከሌላ ግዙ።