ሃምስተሯ ቤቷ በጸዳ ቁጥር ትረበሻለች፤ ምን እናድርግ?

ሚሚ_ጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ አንዲት ሃምስተር (አይጥ የምትመስል ትንሽ የቤት እንስሳ) አለቻት፤ ትልቋ ወርቃማ ዝርያ፣ ሴት፣ ወደ አምስት ወር የሚሆናት። ቤቷ ሽቦ ሆኖ ከሥሩ የፕላስቲክ ትሪ አለው፤ ስፋቱ 70 በ40 ሴንቲ ሜትር። በየቅዳሜው ሙሉ በሙሉ ይራገፋል፣ ትሪው በኦሞና በበረኪና ይታጠባል፣ ሁለት ጣት ያህል አዲስ ሰጋቱራ ይነጠፋል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሽቦ ስትነክስ ታድራለች፤ ጥግ ጥጉን ትቧጥጣለች፤ እጅ ሲጠጋት ጥርሷን ታፋጫለች። ሰኞ ማክሰኞ ላይ ትረጋጋለች፣ ቅዳሜ ደግሞ ያው።

ሽታው ደግሞ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። እናታችን «ወይ ይጽዳ ወይ ከቤቴ ይውጣ» ብላለች። ሰጋቱራውን የምናመጣው ከሰፈር እንጨት ቤት ነው። ክረምቱ ስለገባም ምንም ነገር ቶሎ አይደርቅም። ምን እንለውጥ?

የጓሮ_እንስሳት፦
እህቴ፣ ጽዳቱ አላነሰም፣ በዝቷል። ሃምስተር ዓይኗ ደካማ ነው፤ ቤቷን የምታውቀው በጠረን ነው። ይህ ዝርያ በሁለቱ ጎኖቹ ላይ ጠቆር ያሉ ዕጢዎች አሉት። በወንዱ ጎልተው ይታያሉ እንጂ ሴቷም አላት፤ ፀጉሩ ሲገለጥ ኪንታሮት ይመስላሉና በሽታ እንዳይመስላችሁ። ግድግዳውን በእነሱ እየታከከች ምልክት ትተዋለች። ያ ሁሉ ተራግፎ በበረኪና ሲታጠብ ሰው ቤት እንደገባች ነው የሚሆንባት። ሽታው የሚብሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የጠፋውን ጠረን ለመመለስ ከወትሮው አብዝታ ትሸናለች፣ ትታከካለች፤ እናንተ ደግሞ ሸተተ ብላችሁ መልሳችሁ ታጥባላችሁ። እሷ አታቆምም፤ ማቆም ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

የምትሸናበት ጥግ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፣ ከመኝታዋ ራቅ ያለው። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ እዚያ የረጠበውን ብቻ በማንኪያ አውጡ፤ ከአንድ እፍኝ አይበልጥም። ጥጉ ላይ አሸዋ ያለበት ከበድ ያለ ሳህን ብታስቀምጡ ብዙዎቹ እዚያው መሽናት ይለምዳሉ፤ ያኔ ሥራው አሸዋ መቀየር ብቻ ይሆናል።

ጉዝጓዙን የምትነኩት በየሦስት አራት ሳምንቱ ነው፤ ያውም ሲሶውን ብቻ። ከመኝታዋ ተቃራኒ በኩል ያለውን አውጡ፣ አዲሱን ከሥር አድርጉ፣ የቀረውን ደረቅ አሮጌ ከላይ በትናችሁ በእጅ አደባልቁት። የተኛችበትን ጎጆ ካልረጠበ አትንኩ፤ ከረጠበም ግማሹን ብቻ ቀይሩ። ጎተራዋን ግን ፈትሹ፦ ካሮት፣ ጎመን፣ ኪያር ካለ ይሻግታል፣ ይውጣ። ደረቁን እህል እዚያው ቦታው መልሱላት። ያጠራቀመችው እህል ሲጠፋባት ጠረኗ ከጠፋው ባላነሰ ትረበሻለች፤ ይህንን ብዙ ሰው ይዘነጋል።

መሮጫ ጎማው፣ የእንጨት ቤቷና ጉዝጓዙ በአንድ ቀን አይጸዱ። ጎማው በዚህ ሳምንት፣ ቤቷ በሌላው። ሁልጊዜ የራሷ ጠረን ያለበት አንድ ትልቅ ነገር መቅረት አለበት።

ሌላው የጉዝጓዙ ውፍረት ነው። እነዚህ እንስሳት በመላው ዓለም ቤት ውስጥ የሚረቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ሶርያ ውስጥ ሐለብ አቅራቢያ ከማሳ ሥር ተቆፍረው ከወጡት የመጡ ናቸው። መቆፈር ተፈጥሯቸው ነው። ሁለት ጣት ጉዝጓዝ አይቆፈርም፤ ሽንቱንም አይመጥም፤ ወዲያው ትሪው ላይ ይተኛል። ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ትሪያችሁ ይህን አይዝም፤ 70 በ40ም ጠባብ ነው። 100 በ50 የሆነና ግንቡ ከፍ ያለ ሳጥን አሠሩ። ሽቦ መንከሱ ከጽዳት ቀን አልፎ የሚቀጥል ከሆነ ምክንያቱ ጥበቱ ነው።

ዋንዛ_እንጨት_ሥራ፦
ስለ ሰጋቱራው ልጨምር። እንጨት ቤት ሄዶ «ሰጋቱራ ስጡኝ» ላለ ሰው ወለሉ ላይ ያለው ነው የሚዛቅለት፦ ጽድ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍ ሁሉም ተቀላቅሎ። የጽድ ሽታ ለእኛ ደስ ይላል፤ ለትንሽ እንስሳ ግን ያ ዘይት መተንፈሻዋን ያቆስላል፣ ጉበቷንም ያስቸግራል። የቺፕውድና የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ሙጫ አለበት። የመጋዝ ዱቄት ከየትም እንጨት ቢሆን አይሆንም፤ ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ዓይኗንም ያስለቅሳል። የግድ ከሆነ ከመላጊያ ማሽን የሚወጣውን፣ ያልተቀባና ሽታ የሌለው እንጨት ፍቅፋቂ ለይታችሁ ጠይቁ። እንጨቱ ምን እንደሆነ ሠራተኛው ካላወቀ ተዉት።

ወረቀት ይሻላል። ሽታ የሌለው ሶፍት፣ የእንቁላል ትሪና ተራ ካርቶን ተቀዳዶ ከደረቅ የጤፍ ጭድ ጋር ሲደባለቅ ጉድጓዱ አይናድም። ባዘቶ ወይም ጥጥ ግን በፍጹም! ክሩ እግሯን ይጠመጥማል፤ ጉንጯ ውስጥ ካስገባችውም ይተበተባል።

ጅማ ውስጥ በነፃ የሚገኘው የቡና ገለባ ነው፤ ሰው ለዶሮ ሲያነጥፈው ስለሚታይ ለዚህም ይሆናል የሚል አይጠፋም። አይሆንም። ካፌይን አለበት፣ እርጥበት ሲነካውም ቶሎ ይሻግታል።

ጭዱን ከሂርማታ ገበያም ይሁን ከጎረቤት ስታመጡ ተከማችቶ የቆየበትን ቦታ እዩ። የአይጥ ኩስ ያለበት ወይም መርዝ በተረጨ መጋዘን የከረመ ከሆነ አይጠቅምም። ጥሩውንም ቢሆን በፌስታል አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ 48 ሰዓት ብታቆዩት ቅማሉና ቅንቅኑ ይሞታል። ከዚያ ወጥቶ በደንብ ይድረቅ።

ንጹሕ_ቤት፦
በረኪናውን ዛሬውኑ አቁሙ። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል፤ በረኪና ሲነካው ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ይወጣል። እናንተን ዓይን የሚያቃጥላችሁ እሱ ነው፤ 150 ግራም ለማትሞላ እንስሳ ደግሞ አስቡት። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀልም ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ዕቃ አይገናኙ።

ትሪው ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር የሽንት ጨው ነው፤ ኦሞ አያለቅቀውም፤ አቼቶ ያለቅቀዋል። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ በሶፍት አርሳችሁ ነጩ ላይ ለ10 ደቂቃ ለጥፉት፣ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ ሁለቴ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ በጨርቅ አድርቁ። ለጎማው ሙቅ ውሃ ይበቃል። ሽታ ያለው ሳሙና፣ ዴቶል፣ የወለል ሽቶ አያስፈልግም። በረኪና የሚፈቀደው በሽታ ወይም ቅማል ከገባ ብቻ ነው፤ ያኔም መጀመሪያ ታጥቦ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ፣ ብዙ ማለቅለቅ፣ ሽታው እስኪጠፋ ማስጣት።

ጊንጆ_ሰፈር፦
ሲሶ ብቻ መቀየር የሚባለው ለደረቅ አገር የተነገረ ምክር ይመስለኛል። ሐምሌና ነሐሴ ጅማ ላይ ግድግዳ እንኳ ያልበዋል። 20 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ሦስት ሳምንት ቢቀመጥ ከሥሩ ይሻግታል። ሻጋታ ደግሞ ከጭንቀት የከፋ ነው።

የጓሮ_እንስሳት፦
ጊንጆ፣ ስለ ሻጋታው ትክክል ነህ፤ መፍትሔው ግን ሁሉን መድፋት አይደለም። በየሳምንቱ ከመኝታዋ ርቆ እጅን እስከ ትሪው ድረስ ማስገባትና ከሥር አንድ ጭብጥ ማውጣት። ተጨብጦ ሲለቀቅ ከተበተነ ደህና ነው። እንደ ሊጥ ከያዘ፣ ነጭ ክር ከታየበት፣ ወይም የጓዳ ሽታ ከሸተተ ያን ክፍል ከነዙሪያው አውጣው። ቀኑ አልደረሰም ተብሎ አይጠበቅም።

አብዛኛው እርጥበት የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፦ ከሚያንጠባጥብ የውሃ ጠርሙስና ከቤቱ አቀማመጥ። ጠርሙሱን በደረቅ ሶፍት ላይ ሰቅላችሁ ለአንድ ሰዓት ፈትኑት። ሳጥኑ ከሲሚንቶ ወለል ተነስቶ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጥ። ክዳኑ ሽቦ ይሁን፤ ፕላስቲክ ወይም ላስቲክ አይደረግበት፤ ትንፋሿ ራሱ ያርሰዋል። በክረምት ጭዱን ቀንሳችሁ ወረቀቱን አብዙ፤ ጭድ ቶሎ ይሻግታል።

ሚሚ_ጅማ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ገብቶኛል። በጽዳቱ ሰዓት የት ትቆይ? ከተመለሰች በኋላስ እህቴ ልታባብላት ትችላለች? ደግሞ ሳጥኑ ያለው ቡና የሚፈላበት ሳሎን ውስጥ ነው።

የጓሮ_እንስሳት፦
ጠዋትና ቀን አትቀስቅሷት፤ የሌሊት እንስሳ ናት። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ራሷ ስትነሳ ጀምሩ። በእጅ አታሳድዷት፤ ኩባያ አስተኝታችሁ ከፊቷ አድርጉ፣ ራሷ ትገባለች። ግድግዳው ከፍ ያለ ባልዲ ውስጥ ሁለት እፍኝ አሮጌ ጉዝጓዝ፣ መደበቂያዋንና አንድ ቁራጭ ኪያር አድርጉ፣ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። የምትንከባለልበት የፕላስቲክ ኳስ ውስጥ መክተት ግን ሌላ ጭንቀት ነው።

ስትመልሷት ጎማው፣ ቤቷ፣ ጠርሙሱ ሁሉም በነበሩበት ጥግ ይሁኑ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማሽላ፣ ስንዴና አጃ፣ ከእሱ ጋር ሦስት አራት ፍሬ ሱፍ፣ ጨው ያልነካው፣ ጉዝጓዙ ላይ በትኑ። እህል ፍለጋ ስትቆፍር ሽቦውን ትተዋለች። ከዚያ መብራት አጥፍታችሁ ሂዱ። ማባበል የሚባለው ለእሷ ማሳደድ ነው፤ እህትሽ 24 ሰዓት እጇን አታስገባ። የመጀመሪያውን ሌሊት መሮጥና መታከክ ያለ ነው፤ እስከ 48 ሰዓት ታገሡ።

ቡናው ላይ፦ ቡናው ሲቆላ የሚወጣው ጭስ፣ እጣኑና ከሰሉ ሦስቱም ለትንሽ ሳንባ ከባድ ናቸው። የጅማን ሰው ቡና ተው ማለት አይቻልምና ሳጥኑ ወደ መኝታ ክፍል ይሂድ። ማዛወሩን ከጽዳቱ ቀን ጋር አታገናኙት፤ በሳምንት አራርቁት።

የእንስሳት_ጤና፦
ጭንቀትና በሽታ አንዳንዴ ይመሳሰላሉና መለያውን ልስጥ። ከጽዳት በኋላ እየሮጠች የምትበላ ከሆነ ጭንቀት ነው። 24 ሰዓት እህል ካልነካች፣ ተኮራምታ ፀጉሯ ከቆመ፣ ስትተነፍስ ድምፅ ካሰማች፣ ወይም ጭራዋ ሥር ከረጠበና ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ካላት በሽታ ነው። ይህ ተቅማጥ በተለይ ገና ጡት የጣሉትንና የተጨነቁትን ይይዛል፣ በሁለት ቀን ሊገድል ይችላል፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱ። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ወይም ፔኒሲሊን ገዝታችሁ አትስጧት፤ እነዚህ መድኃኒቶች የሃምስተርን የአንጀት ባክቴሪያ አዛብተው ራሳቸው ይገድላሉ።

በሳምንት አንዴ በኩሽና ሚዛን መዝኗት፤ ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ከቀነሰ ፀጉሯ ቢያብረቀርቅም ምክንያቱ ይፈለግ። በቅዝቃዜ ሌሊት ድንዝዝ ብላ ከተገኘችም ሞተች ብላችሁ አትጣሏት፤ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አሙቋት። ምድጃ አጠገብ አይደረግም።

ከወንድ ጋር ተገናኝታ ከሆነ ደግሞ እርግዝናው 16 ቀን ገደማ ነው። ከወለደች በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቷ አይነካ፤ እርጥቡ ጥግ እንኳ ቢሆን። የተረበሸች እናት ልጆቿን ትበላለች።

ሚሚ_ጅማ፦
አንድ ብቻ ቀረኝ፤ ለአሸዋው ሳህን የግንባታ አሸዋ ይሆናል?

ንጹሕ_ቤት፦
አቧራው ከጠፋለት ይሆናል። ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ እጠቡት፣ አድርቁት፣ በዱቄት ወንፊት ንፉት። በወንፊቱ የሚያልፈው ደቃቅ ይደፋል፤ የምትፈልጉት የሚቀረውን ነው። ጠጠሩን ልቀሙለት፣ ከዚያ ብረት ምጣድ ላይ እያማሰላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁሉት። ሲቀዘቅዝ ሳህኑ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጉ። ፀጉሯንም የምታጸዳው እዚያው ውስጥ እየተንከባለለች ስለሆነ በውሃ አታጥቧት፤ ብትችሉ አንዱ ሳህን ለሽንት፣ ሌላው ለመንከባለያ ይሁን። የሽንቱ በየሁለት ቀኑ ይቀየራል፤ የመንከባለያው በሳምንት አንዴ ቢነፋ ይበቃል።