ከመኪና መስኮት ሲቀረጽ የመብራት ምሰሶዎች ለምን ይዘማሉ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከመኪና መስኮት ወደ ጎን፣ በፉል ፍሬም ካሜራና በ35 ሚሜ ሌንስ፣ 4ኬ በ25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ነው የምቀርጸው። ቅርብ ያሉት የመብራት ምሰሶዎች መኪናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዘመም ብለው ይወጣሉ፤ ከኋላ ያሉት ሕንፃዎች ግን ቀጥ እንዳሉ ናቸው። ሻተሩን 1/500 ሳደርገው ጭራሽ ባሰበት። ካሜራው ነው የተበላሸው ወይስ ሴቲንጉ? በኤዲትስ ይስተካከላል?

ምላሽ 1

ካሜራህ ጤነኛ ነው፤ ሮሊንግ ሻተር ይሉታል። ሴንሰሩ ፍሬሙን ባንድ ጊዜ አያነሳም፤ ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ ያነባል። የታችኛው ረድፍ ተራ እስኪደርስ ምሰሶው ቦታውን ለቋል። ሻተር ስፒድ የሚወስነው እያንዳንዱ ረድፍ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ነው፤ የንባቡን ፍጥነት አይነካም። 1/500 ላይ የባሰ የመሰለህ ብዥታው ጠፍቶ የምሰሶው ጠርዝ ጠርቶ ስለታየ ነው፤ ወደ 1/50 መልሰው።

ለማስተካከል ጋይሮፍሎው የሚባለውን የቪዲዮ ማረጋጊያ ሶፍትዌር ሞክር፤ በነፃ ይገኛል።

ምላሽ 2

በመጀመሪያው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ጋይሮፍሎው ግን ለዚህ አይሆንም። ሶፍትዌሩ የሚመካበት ጋይሮ (ካሜራው ውስጥ ያለ የእንቅስቃሴ መለኪያ) የሚለካው መዞርን ነው። ለፓን (ካሜራውን ባለበት ወደ ጎን ማዞር) እና ለእጅ መንቀጥቀጥ ግሩም ነው፤ ካሜራው ሳይዞር ወደ ጎን ሲጓዝ ግን የሚመዘግበው ነገር የለም። ምሰሶው ዘሞ ሕንፃው ቀጥ ያለውም ለዚሁ ነው፦ የቅርቡ ነገር በፍሬሙ ውስጥ ከሩቁ ይበልጥ ይፈጥናል።

በቁጥር እንየው። ሴንሰሩ አንድ ፍሬም በ25 ሚሊ ሰከንድ ያነባል እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ቅጽበት 28 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። 35 ሚሜ ሌንስ 5 ሜትር ርቀት ላይ ከላይ እስከ ታች የሚያየው 2.9 ሜትር ገደማ ስለሆነ ምሰሶው 5.5 ዲግሪ ያህል ይዘማል። ፍጥነቱን ወደ 20 ዝቅ አድርገህ ምሰሶዎቹ 15 ሜትር የሚርቁበትን የመንገድ ዳር ብትመርጥ 1 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ተመልካች አያስተውለውም። ካሜራውን ወደ ፊት ሰያፍ ማዞርም ብዙ ይረዳል።

የራስህን ካሜራ ለመለካት ርካሽ፣ የሚርገበገብ ኤልኢዲ አምፖል ይበቃል። ነጭ ግድግዳ ላይ አብራው፣ ግድግዳው ፍሬሙን ይሙላው፣ ሻተሩን 1/1000 አድርገህ አይኤስኦውን ጨምር። ጥቁርና ነጭ አግድም ሰንበሮች ይታያሉ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ሰንበር አብረው 10 ሚሊ ሰከንድ ናቸው። (አሜሪካ ላላችሁ 60 ኸርዝ ስለሆነ 8.3 ብላችሁ አስሉ።) ሰንበር ካልታየ አምፖሉ አይርገበገብም ማለት ነው፤ ሌላ ቀይር።

ጠያቂው

ከፍሬሙ ላይ እስከ ታች ሁለት ጥንድ ተኩል ቆጠርኩ። 25 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነዋ?

ምላሽ 3

አዎ፣ ቁጥሩ ለኤዲትም ያገለግልሃል። በ25 ፍሬም የአንዱ ፍሬም ዕድሜ 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ 25 ለ40 ሲካፈል 62.5 በመቶ። አዶቤ ፕሪሚየር ውስጥ «ሮሊንግ ሻተር ሪፔር» የሚለው ኢፌክት ላይ ሬት የሚለውን 62 ወይም 63 አድርገው፤ ሳትነካው 50 ላይ ነው የሚመጣው። ሜተዱን ከዋርፕ ወደ ፒክስል ሞሽን ቀይር፤ የቅርቡንና የሩቁን እንቅስቃሴ ለየብቻ ለመከተል ይሞክራል። ጦሱ የምሰሶው ጠርዝ አንዳንዴ መቀደዱ ነው፤ ያ ሾት ለኔ ከዘመመውም የከፋ ነው፣ አውጣው። ኢፌክቱን ክሮፕና ስታቢላይዝ ከማድረግህ በፊት አስገባ። ለስልክ እንዲሆን ካሜራውን በቁመቱ ይዘህ ቀርጸህ ከሆነ ስካን ዳይሬክሽኑንም መቀየር አትርሳ።

ለሚቀጥለው ቀረጻ ግን ኤዲት ላይ ከመድከም 50 ፍሬም ቅረጽ። በሰከንድ 50 ፍሬም የሚያወጣ ሴንሰር እያንዳንዱን ከ20 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊያነብ አይችልም፤ ጊዜ የለውም። አንዳንድ ካሜራ ይህን የሚያደርገው ምስሉን ክሮፕ አድርጎ ነውና ሰፋ ያለ ሌንስ ያዝ። ሻተሩ 1/100 ይሁን፤ 1/125 ካደረግከው የመንገድ መብራት ሰንበር ያመጣብሃል።