ጀበናው ከኪልን ሲወጣ ያምራል፣ ከሰል ላይ ሲጣድ ግን ይሰነጠቃል

ባለሸክላው፦
ጤና ይስጥልን። እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የሸክላ መሥሪያ አለን። ዋናው ሥራ ጀበና ነው፤ ጎን ለጎን ሲኒና ሳህን እናወጣለን። ድሮ የምናቃጥለው ሜዳ ላይ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። አሁን ባለ 7 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ኪልን (የሸክላ ማቃጠያ ምድጃ) ገብቶልን ሁሉንም 1050 ዲግሪ ላይ እናቃጥላለን። ጀበናው ቀይና ጠንካራ ሆኖ ይወጣል፣ ሲያንኳኩት እንደ ብርጭቆ ይጮሃል። ደንበኛ ግን ሁለት ሦስቴ ቡና እንዳፈላበት ከቂጡ ተነስቶ ወደ ሆዱ ይሰነጠቃል። በኩበት የተቃጠለው እንዲህ አያደርግም ነበር። ጭቃው ያው ነው፦ 8 ጣሳ አፈር በ1 ጣሳ የተፈጨ ገል።

ሁለተኛ፣ ገዢው የሚፈልገው ጥቁር ጀበና ነው፤ ከኪልኑ ጥቁር አይወጣም። ሦስተኛ፣ ሥራውን ለሁለት ሰው እንዴት ብንከፍለው ይሻላል? አሁን አንዳችን ስንሠራ አንዳችን ቆመን እየጠበቅን ነው የምንውለው።

ገል፦
እጃችሁ ደህና ነው፣ ዲግሪው ነው የበዛው። የኩበት እሳት ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 850 ዲግሪ ቢደርስ ነው። በዚያ ሙቀት የተቃጠለ ሸክላ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሆኖ ይቀራል። ጀበና ፍም ላይ ሲጣድ ቂጡ ይግላል፣ አንገቱ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ታችኛው ሲለጠጥ ላይኛው አይከተለውም። ቀዳዳ ያለው ሸክላ ይህን ይችለዋል፤ ትንሽ ስንጥቅ ብትፈጠር እንኳ ቀዳዳ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። 1050 ላይ ግን ጭቃው ውስጥ ያለው ማዕድን በከፊል ይቀልጥና ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ዕቃው ይጠነክራል፣ እሳት መቻሉ ግን ይወርዳል። ለሲኒ ጥሩ ነው፣ ለጀበና አይሆንም።

ጀበናውን ከ750 እስከ 800 ባለው አቃጥሉት። ገሉም አንሷል። 4 በ1 አድርጉት፤ አፈሩ በጣም የሚያጣብቅ ከሆነ 3 በ1። ገሉ ደግሞ ዱቄት ብቻ መሆን የለበትም፤ ከጤፍ ፍሬ አንስቶ እስከ ግማሽ የስንዴ ፍሬ የሚያክል ይቀላቀልበት። ስንጥቅን የሚያቆመው ሸካራው ነው።

ከተመለሱት ጀበናዎች አንዱን ሰብራችሁ ውፍረቱን ለኩ። ግድግዳው 5 ሚሊ፣ ቂጡ 10 ሚሊ ከሆነ በየትኛውም ዲግሪ ብታቃጥሉት መሰንጠቁ አይቀርም። ጠፍጣፋ ቂጥም ለጠረጴዛ ይመቻል እንጂ ማዕዘኑ ላይ ስንጥቅ ይጀምራል፤ ጥንትም ጀበና ቂጡ ክብ ሆኖ ማቶት ላይ የሚቀመጠው በከንቱ አይደለም።

አፈሩ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተንጫጫ ኖራ አለው ማለት ነው። ኖራ ያለበት አፈር 900 እና 1000 ላይ ሲቃጠል ደህና ይመስልና በሳምንቱ እርጥበት ስቦ ነጭ ነጭ እያለ ይፈነቀላል። 780 ላይ ችግሩ ይቀንሳል፣ ለሲኒው ግን አፈሩን በውሃ በጥብጣችሁ በቀጭን ወንፊት አጥልሉት።

ሽቦና ፍም፦
የገልን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ የአቃጣጠሉን ቅደም ተከተል ልጨምር። ከመጫናችሁ በፊት ጀበናውን ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት። ከቀዘቀዛችሁ ገና ውሃ አለው፣ ይቆይ። ጭቃ ውስጥ የቀረ አየር ነው የሚያፈነዳው የሚባለው ልክ አይደለም፤ የሚያፈነዳው እንፋሎት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የውጭ አገር መመሪያ «95 ላይ አቆዩት» ሲል እዚህ ውሃው ፈልቶ አልፏል።

80 ዲግሪ ላይ 3 ሰዓት ይቆይ፣ ክዳኑ የጣት ውፍረት ያህል ተከፍቶ። ከዚያ በሰዓት 60 ዲግሪ እስከ 200፣ በሰዓት 80 እስከ 600። 573 ላይ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ድንገት ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝም እዚያው ላይ ድንገት ይኮማተራል፤ መጣደፍ የማይቻለው ለዚህ ነው። ከ600 በኋላ በሰዓት 100 እስከ 780፣ እዚያ 30 ደቂቃ። በጠቅላላው 13 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከተለኮሰ ማታ 1 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ ከ100 በታች እስኪወርድ ክዳኑ አይነካ። ለማየት እየጓጉ 250 ላይ መክፈት ብዙ ጀበና የሚጠፋበት ነው።

7 ኪሎዋት በ220 ቮልት ወደ 32 አምፔር ይስባል። ለብቻው የተዘረጋ ባለ 10 ሚሊ ስኩዌር ኬብል፣ 40 አምፔር ብሬከርና ኧርዝ ይፈልጋል። ከእንጀራው ምጣድ ጋር በአንድ መስመር አይታሰብም። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ማጥፊያውን አውርዱት፤ ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ አንዳንዱ መቆጣጠሪያም ፕሮግራሙን ከሀ ይጀምረዋል። ክዳኑን ሳትከፍቱ ጠብቁና መብራቱ ሲመጣ ካለበት ዲግሪ ቀጥሉ። የተበላሸ ነገር የለምና አትደንግጡ።

ጢሰኛዋ፦
ስለ ጥቁሩ። ኪልኑ ውስጥ ቅጠል ጨምሮ ለማጥቆር የሚሞክር ሰው አለ፤ በጭራሽ አታድርጉት። ጢሱ የሬዚስታንሱን (እየጋለ ኪልኑን የሚያሞቀውን ሽቦ) መከላከያ ልባስ ይበላውና ሽቦው ቶሎ ይበጠሳል። ማጥቆሩ ውጭ በበርሜል ይሠራ።

ጭቃው ጠንከር ብሎ ገና እርጥብ እያለ በለስላሳ የወንዝ ጠጠር እስኪያብረቀርቅ እሹት። ከዚያ ይድረቅና ኪልኑ ውስጥ ይቃጠል። እዚህ ላይ ከገል ትንሽ እለያለሁ፦ ለጥቁር 800 ይበዛል፣ 750 በቂ ነው። ቀዳዳው በበዛ ቁጥር ጢሱ ጠልቆ ይገባል፣ በጠጠር አሽታችሁ ያወጣችሁት ማብረቅረቅም አይደበዝዝም። 1050 ላይ ያ ማብረቅረቅ ድራሹ ይጠፋል።

ክዳን ያለው የብረት በርሜል ጎኑን በወፍራም ሚስማር ጥቂት ቦታ ብሱት። ከሥር አንድ ስንዝር ሰጋቱራ፣ ላዩ ላይ ጀበናዎቹ፣ ከግድግዳውና ከእርስ በርሳቸው ሳይነካኩ። ሆዳቸውም ውስጥ ሰጋቱራ ሙሉበት፣ መሀል መሀሉንም ጠቅጠቅ አድርጉት። ከላይ በወረቀትና በጭራሮ ለኩሱት፤ ፊቱ ሁሉ እኩል ፍም ሲሆን ክዳኑን ጫኑበት። እስከ ንጋት እየጨሰ ይወርዳል። ነበልባል ካያችሁ አየር በዝቷል፣ ቀዳዳውን በጭቃ ድፈኑ፤ ነበልባል ያገኘው ቦታ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ሰጋቱራው ደረቅ የንጹህ እንጨት ይሁን፤ ሙጫ ካለው የኮምፔንሳቶና የቺፑድ አይሁን፣ ቡና የሚጠጣበት ዕቃ ነው። ጣራ ሥር ወይም ቤት ውስጥ አይሠራም፤ በዝግ ቤት የከሰል ጢስ የሚገድልበት ጋዝ ከዚህም ይወጣል።

ባለሸክላው፦
እግዜር ይስጥልን። 750 ላይ ካቃጠልነው አያፈስም? ሲኒውንስ አብረን ብናስገባው?

እመት ጭቃ፦
ትንሽ ያልበዋል እንጂ አያፈስም። ማሟሸት ያለው ለዚህ ነው። የቡና አተላ በውሃ ሞልታችሁ በደካማ ፍም ቀስ ብሎ ይፍላ፣ እዚያው ይቀዝቀዝ፤ ሁለት ጊዜ ይደገም። በጣም የሚያልበውን በቀጭን የአጃ ሙቅ አፍሉት፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ለገዢውም ንገሩት፦ የጋለ ጀበና ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፣ ባዶውንም አይጣድም።

ሲኒው አብሮ አይገባም። ግሌዝ (እሳት ላይ ቀልጦ እንደ ብርጭቆ የሚሆን ልባስ) የሚቀባው 1050 ይፈልጋል፣ ጀበናው ደግሞ ግሌዝ ጨርሶ አያሻውም፤ እሳት ላይ ግሌዙና ጭቃው እኩል ስለማይለጠጡ ይላቀቃሉ። ግሌዝ ስትገዙ እርሳስ የሌለበት መሆኑን ጠይቁ። የተቃጠለውን ሲኒ ግማሹን አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፤ ቀለሙ ከደበዘዘ ለመጠጫ አትሽጡት። ባይደበዝዝ ግን እርሳስ የለውም ማለት አይደለም።

የሥራው ክፍፍል ላይ፦ መጠባበቅ የመጣው አንዱን ጀበና ለሁለት ስለምትይዙት ነው። ዛሬ የተሠራ ሆድ ዛሬ አንገት አይቀጠልለትም፣ ይጎብጣል። ስለዚህ አንዳችሁ የዛሬን ሆድ ስትሠሩ አንዳችሁ ትናንት በላስቲክ ተሸፍኖ ባደረው ላይ አንገት፣ እጀታና መቅጃ ቀጥሉ። መጋጠሚያው በሁለቱም በኩል ይጫር፣ በቀጭን ጭቃ ይለሰን፤ አንዱ ደርቆ አንዱ እርጥብ ከሆነ በማግስቱ ተላቆ ታገኙታላችሁ። ጭቃ በየቀኑ አይቦካ። በአንድ ጊዜ ብዙ አቡኩና በላስቲክ ተጠቅልሎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይረፍ፤ ሁልጊዜ አንዱ ክምር በሥራ፣ አንዱ በእረፍት ላይ ይሁን። ኪልን የሚለኮስበት ቀን ለማሸትና ለሽያጭ ነው፤ በየሰዓቱ ዲግሪውን የሚያይ አንድ ሰው ይበቃል።

በበጋ ነፋሱ እጀታውን ቀድሞ ስለሚያደርቀው በላስቲክ ቁራጭ ጠቅልሉት። በበጋ ለመድረቅ አንድ ሳምንት የሚበቃው ጀበና በክረምት ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ የእንቁጣጣሽ ትዕዛዝ ደግሞ የሚሠራው እዚያው ክረምት መሀል ነው። ከነሐሴ መባቻ በኋላ የሚመጣውን ትዕዛዝ ባትቀበሉት ይሻላል፣ እርጥብ ጀበና እሳት ላይ ከማፈንዳት ይልቅ ደንበኛውን አሳዝኖ መመለስ ይቀላል። ቂጡ ላይ በእንጨት ጫፍ ቁጥር ጫሩ፣ ደብተር ላይ ድብልቁንና ዲግሪውን ጻፉ፤ የተመለሰ ጀበና ከየትኛው ዙር እንደሆነ የምታውቁት በዚያ ነው።

ገሉን ስትወቅጡ ደግሞ ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ። መሥሪያ ቤቱን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። የሸክላ አቧራ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ልጆች እዚያው የሚውሉ ከሆነ ይብስ ጥንቃቄ ይፈልጋል።