የቤንዚን ጎማ ፍተሻና ቅያሪ፦ ረቂቁን አብረን እናዳብር

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን የባለሞተሮች ማኅበራችን ወንድሞችና እህቶች። ለሥራ አስፈጻሚው የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው፦ «የአባላት ሞተር ሁሉ የቤንዚን ጎማው፣ ማለትም ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚያወርደው ቱቦ፣ ይፈተሽ። ያረጀው ይቀየር። ወጪውን ግማሽ ማኅበሩ፣ ግማሽ ባለሞተሩ ይቻል።» የጎደለውን ጨምሩበት።

የፒያሳ ተወካይ፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ግን የማያንጠባጥበውን ለምን እንነካካለን? የኔ ቦክሰር ሞተር አንድ ጠብታ የለውም።

መካኒክ አባል፦ ወንድሜ፣ እስኪያንጠባጥብ ከጠበቅን እኮ ረፈደ። ከታች የጋለ ሞተር አለ። መሃሉን አይታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ። ቶሎ የሚሰነጠቀው ጫፉ ነው፣ ፋሸታው (ጎማውን የሚያስረው ቀለበት) ሥር። ፋሸታውን ሸርተት አድርጉና ጎማውን እጠፉት። እጥፋቱ ጀርባ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ አበቃለት። ደርቆ አልታጠፍ ካለ ወይም አብጦ ከላላም ያው ነው። ሱዙኪ በብዙ ሞዴሎቹ መመሪያ ላይ በየ4 ዓመቱ ቀይሩ ይላል። እኛ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነን፤ በየ2 ዓመቱ ይሁን።

የገርጂ ተወካይ፦ ግልጹ ፕላስቲክስ? ርካሽ ነው፣ ቤንዚኑም ይታያል። ብዙዎቻችን ያለን እሱ ነው።

መካኒክ አባል፦ እህቴ፣ እሱ ይከልከል ባይ ነኝ። ሲቆይ ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። ሲሞቅ ደግሞ ይለሰልስና ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡሬተር አፍ ይወልቃል። ለቤንዚን የተሠራ፣ ውስጡ ክር ያለው ጥቁር ጎማ እንግዛ። የውሃ ጎማ መልኩ ቢመስልም ቤንዚን ያሳብጠዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ከሶማሌ ተራ በጥቅል እንግዛ። ስፋቱ ስንት?

መካኒክ አባል፦ ባብዛኛው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር። ግን እያንዳንዱ ይለካ። ሰፊውን በፋሸታ አስጨንቀን ብናስረው ማፍሰሱ አይቀርም።

የቦሌ ተወካይ፦ የኔ ኢንጀክሽን ነው፤ በካርቡሬተር ፈንታ ቤንዚኑን በፓምፕ ግፊት የሚረጭ።

መካኒክ አባል፦ ለነሱ የተለየ አንቀጽ ይግባ። ፓምፑ ቤንዚኑን ብዙ ጊዜ እስከ 3 ባር በሚደርስ ግፊት ይገፋል። የካርቡሬተር ጎማ አይችለውም። ግፊቱ ሳይለቀቅም አይፈታ።

የፒያሳ ተወካይ፦ እሺ፣ ቅያሪውን ተቀብያለሁ። ግን ስንት ሰዓት ተሰልፈን የቀዳነውን ቤንዚን ልንደፋ ነው?

መካኒክ አባል፦ አንደፋም። የሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) መክፈቻ ይዘጋል፤ የሚወርደው ጎማው ውስጥ የቀረችው ናት። እሷንም በብረት ዕቃ እንቀበላለን። ሥራው ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ እሳት ማጥፊያ ቀርቦ ይሁን። ሲጋራ የሚባል አይታይ። ከገጠምን በኋላ መክፈቻውን ከፍተን ትንሽ እንጠብቅ። መጋጠሚያውን በደረቅ ሶፍት ሳንነካ ማንም ሞተር አያስነሳ።

የገርጂ ተወካይ፦ ሰዓቱ ማለዳ ይሁን። በምሳ ሰዓት የምናደርሰውን ትዕዛዝ ትተን አንመጣም።

ጸሐፊ፦ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ብዬ አስገባለሁ። 2 ዓመቱና የፕላስቲኩ ክልከላም ገብቷል። ባለ ኢንጀክሽኖች ሞዴላችሁን እስከ ዓርብ ላኩልኝ።