ባነር ፊዚሲስት አይደል እንዴ? ህክምናውን የት ተማረው?

ጋማው፦
ሰዎች አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነው የከረመው። የማርቭል ኮሚክ ላይ ሀልክ የሚሆነው ሳይንቲስት ብሩስ ባነር ሙያው የጋማ ጨረር ነው አይደል? ታዲያ በፈረንጆቹ 2012 በወጣው አቬንጀርስ ፊልም ላይ ህንድ ሄዶ በሽተኛ ሲያክም ነው የሚያገኙት። የፋንታስቲክ ፎሩ መሪ ሪድ ሪቻርድስማ ብሶበታል፣ ሮኬት እሱ፣ ወደ ሌላ ዓለም የሚያሻግር በር እሱ፣ መድኃኒትም እሱ። እኔ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ ጎን ያለው ዲፓርትመንት ምን እንደሚሰራ አላውቅም ኧረ

የድሮ አንባቢ፦
ዘመኑን እይ እንጂ ወንድሜ። ፋንታስቲክ ፎር 1961 ሀልክ 1962 ነው የወጡት፣ ያኔ ወሬው ሁሉ ኒውክሌርና ጠፈር ስለነበር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሁሉንም ያውቃል። ደግሞ አንዱ እትም ሃያ ምናምን ገጽ ናት፣ ባዮሎጂስት አስገብተህ ስም አውጥተህ አስተዋውቀህ እስክትጨርስ ገጹ ያልቃል፣ ሪድ ይስራው በቃ።

ላብ ኮት፦
የኔ ችግር አንት-ማን የሚሆነው ሃንክ ፒም ነው። ባዮኬሚስት ነው እሺ፣ ሰው የሚያሳንስ ነገር አገኘ እሺ፣ ጉንዳን አናገረ እሱንም እሺ፣ ከዛ 1968 ላይ በራሱ የሚያስብ ሮቦት፣ አልትሮንን፣ ሰርቶ ቁጭ!! የአልትሮን ፊልም ላይ አይረን ማን የሚሆነው ስታርክና ባነር ሰሩት ብለው መቀየራቸው ተመችቶኛል፣ ስታርክ ቢያንስ ኢንጂነር ነው። ሌላኛው የኮሚክ አሳታሚ ዲሲ ጋ ደግሞ ሚስተር ቴሪፊክ የሚባለው ጀግና 14 ፒኤችዲ አለው፣ አንዱ አራት ዓመት ቢፈጅ 56 ዓመት ተማሪ ነበር ማለት ነው

ጋማው፦
ሃሃሃ 56 ዓመት አድቫይዘር ሲለምን

የቆሎ ተማሪ፦
እኛም ጋ እኮ አራት ዓይና አለ፣ ብሉይ ሐዲስ ሊቃውንት መነኮሳት አራቱንም ጉባኤ የዘለቀ። ግን እሱ ከመምህር መምህር ሲዞር ነው ዕድሜው የሚያልቀው፣ ኮሚኩ ላይ ያ መንከራተት የለም፣ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ማሪ ኩሪም 1903 በፊዚክስ 1911 በኬሚስትሪ ኖቤል ወስዳለች፣ ሁለቱም ግን ያው የራዲዮአክቲቪቲ ስራዋ ነው። የዛሬውንማ ተዉት፣ ሂግስ ቦዞን የምትባለውን ቅንጣት ክብደት የለካው የ2015 ጥናት ብቻ ከ5,000 በላይ ጸሐፊ አለው፣ ሪድ ቢሆን ከእራት በፊት ብቻውን ይጨርሰው ነበር።

ላብ ኮት፦
ስፓይደርማን የሚሆነው ፒተር ፓርከርስ? ሃይስኩል እያለ ድሩንም ቀመመ ማስወንጨፊያውንም ሰራ፣ ግን ሁሌ ሳንቲም የለውም። ያን ሙጫ ሸጦ አይገላገልም ነበር?

የድሮ አንባቢ፦
ሞክሮ ነበር እኮ! ሙጫ ፋብሪካ ሄዶ አሳያቸው፣ ጓጉ ጓጉና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደሚሟሟ ሲሰሙ በል ደህና ዋል አሉት።