ሦስቱም ይጎትቱኛል፤ የቱን ልያዝ?

የምኖረው ሐዋሳ ነው። በ2008 ዓ.ም በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ጎን ለጎን አካውንቲንግ በርቀት እማራለሁ። ቤቴ ውስጥ ደግሞ የስፌት መኪና አለኝ፤ ለሰፈር ልጆች ዩኒፎርም፣ ለበዓል ቀሚስ እሰፋለሁ። የሰፋሁትን ሰው ለብሶት ሳይ የሚሰማኝ ደስታ ልዩ ነው።

ሦስቱ አብረው አልሄድ አሉኝ። ፈተና ሲደርስ ስፌቱ ይቆማል። መስከረም ሲቃረብ ትእዛዝ ይበዛና ሞጁሉን የሚገልጠው የለም። ግቦቼን በቅደም ተከተል ጻፍኩ፤ ቅደም ተከተሉ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ስፌቱን ለጊዜው ትቼ ትምህርቱ ላይ ብቻ አተኮርኩ። ውጤቴ ተሻሻለ፣ የቤት ኪራይ ግን ጎደለኝ። እናቴ «መጀመሪያ ዲግሪሽን ያዢ» ትላለች። የሥራ ጓደኞቼ «ሙያ እያለሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ሱቅ ክፈቺ» ይሉኛል። ሁሉም ለእኔ አስበው ነው።

ልቤ ያለው የራሴ ስፌት ቤት ላይ ነው። ግን ዲግሪው ሊያልቅ አንድ ዓመት ቀርቶት መተው ያሳሳል። በደመወዜ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ይማርበታል፣ ስለዚህ ሥራውን አሁን መልቀቅ አልችልም።

እንዲህ ያለ ምርጫ ገጥሟችሁ አንዱን የያዛችሁ፣ ዋናው ግባችሁ የትኛው እንደሆነ በምን ለያችሁት?