የሰረዝኩት ሎግ የዲስክ ቦታ አልለቀቀም፦ በፕሮክ በኩል እንዴት ላግኘው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የማስተዳድረው የሊነክስ ሰርቨር 100 ጊጋባይት ዲስክ አለው። ትናንት ማታ ዲስኩ ሊሞላ ሲቃረብ 50 ጊጋባይት ገደማ የደረሰ የሎግ ፋይል (ፕሮግራም ሥራውን የሚመዘግብበት) አገኘሁና አርኤም በተባለው የመሰረዣ ትእዛዝ ሰረዝኩት። ይሁን እንጂ የዲስክን ይዞታ የሚያሳየው ዲኤፍ ዛሬም 97 በመቶው ተይዟል ይለኛል፤ የፋይሎችን መጠን በሚደምረው ዲዩ ስደምር ግን ፋይሎቹ በሙሉ 47 ጊጋባይት እንኳ አይሞሉም። ሎጉን የሚጽፈው ፕሮግራም በሥራ ሰዓት ብዙ ተገልጋይ ስላለው አጥፍቼ ማስነሣት አልፈልግም። ሳይቆም ፕሮክ በተባለው ዳይሬክተሪ በኩል ውስጡን ማየት እንደሚቻል ስለሰማሁ በፕሮሰሱ (በሥራ ላይ ባለው ፕሮግራም) ቁጥር የተሰየመውን ዳይሬክተሪ ከፍቼ ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት እነ ስታተስና ሲኤምዲላይን የተባሉ ፋይሎች ሁሉ መጠናቸው ዜሮ ሆኖ ታየኝ። ባዶ ናቸው ማለት ነው ወይስ የማየት ፈቃድ የለኝም?

መልስ 1

ባዶ አይደሉም። ፕሮክ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ነገር የለውም፤ ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) ስለ ፕሮሰሶች የሚያውቀውን በፋይል መልክ የሚያቀርብበት ቦታ ነው። ስታተስን ካት በተባለው የማንበቢያ ትእዛዝ ሲያነቡት ጽሑፉ በዚያው ቅጽበት ይዘጋጃል፤ ከመነበቡ በፊት ርዝመቱ ስለማይታወቅ ዜሮ ይባላል። ፕሮሰሶችን የሚዘረዝሩት ፒኤስና ቶፕም የሚያሳዩንን የሚለቅሙት ከዚሁ ነው።

ወደ ችግርዎ ስመለስ፣ አርኤም የሚያነሣው የፋይሉን ስም ብቻ ነው። ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮሰስ እስካለ ድረስ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ዲዩ በስም እየተከተለ ስለሚደምር አያገኘውም፤ ዲኤፍ ግን የፋይል ሲስተሙን የራሱን ሒሳብ ስለሚጠይቅ ይቆጥረዋል። በፕሮሰሱ ዳይሬክተሪ ውስጥ ያለውን ኤፍዲ የተባለ ዳይሬክተሪ በዝርዝር ይመልከቱት። ፕሮሰሱ የከፈተው እያንዳንዱ ፋይል በቁጥር ተሰይሞ፣ በቀስት ወደ ፋይሉ አድራሻ ሲያመለክት ያያሉ። ከአድራሻው መጨረሻ በቅንፍ «ዲሊትድ» (ተሰርዟል) የሚል ያለበት የእርስዎ ሎግ ነው። የፕሮሰሱ ቁጥር ለምሳሌ 1834፣ የፋይሉ ቁጥር ደግሞ 7 ከሆነ፣ ሼሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ላይ

> /ፕሮክ/1834/ኤፍዲ/7

ብለው ቢጽፉ ይዘቱ ተቆርጦ ቦታው ወዲያው ይለቀቃል።

መልስ 2

ከመቁረጥዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ ብዬ እለምንዎታለሁ፤ የተቆረጠ አይመለስምና። ሎጉ ለምርመራ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ስሙ ቢጠፋም በዚያው በኤፍዲ ውስጥ ባለው ቁጥር በኩል ሲፒ በተባለው የመቅጃ ትእዛዝ ወደ ሌላ ዲስክ ሊቀዳ ይችላል። በስሕተት የተሰረዘ የዳታቤዝ ፋይል እንኳ ፕሮሰሱ እስካልቆመ ድረስ በዚህ መንገድ ሊገኝ ስለሚችል፣ ባለመቸኮልዎና ፕሮግራሙን ባለማጥፋትዎ መልካም አድርገዋል።

ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን የከፈተው ሁልጊዜ ከመጨረሻው እንዲቀጥል አድርጎ መሆኑ ነው። ካልሆነ ከተቆረጠ በኋላም ከ50ኛው ጊጋባይት ጀምሮ መጻፉን ስለሚቀጥል፣ ዲስክ ባይበላም በመጠኑ ግዙፍ፣ ከፊቱ ግን ባዶ የሆነ ፋይል ይፈጠራል። ይህን ለማወቅ በዚያው የፕሮሰሱ ዳይሬክተሪ ውስጥ ኤፍዲኢንፎ በተባለው ዳይሬክተሪ ያለውን 7 የተባለ ፋይል ያንብቡ። «ፍላግስ» በሚለው መስመር በስምንት ቤት (ከ0 እስከ 7 ባሉ አሃዞች ብቻ) የተጻፈው ቁጥር 02000ን ካካተተ ከመጨረሻው ነው የሚቀጥለው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፍላግሱ 0102001 ይላል፤ 02000 አለበት ማለት ነው። የመጨረሻውን ሳምንት መዝገብ ቀድቼ ካስቀመጥኩ በኋላ ትእዛዙን ከፊቱ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬጃ) ጨምሬ ብሞክረው ግን ፈቃድ ከለከለኝ።

መልስ 1

ማዞሪያውን፣ ማለትም የ«>» ምልክቱን፣ የሚፈጽመው ሱዶ ሳይሆን በእርስዎ ስም የሚሠራው ሼል ስለሆነ ነው። ትራንኬት የተባለውን ፋይል መቁረጫ ትእዛዝ መጠኑን ዜሮ አድርገው በዚያው አድራሻ ላይ በሱዶ ያስኪዱት።

ጠያቂው

ሠርቷል፤ ዲኤፍ አሁን 47 በመቶ ይላል፣ ፕሮግራሙም ለአፍታ አልተቋረጠም።

መልስ 2

ደስ ይላል። እንግዲህ ሎጉን በእጅ መሰረዝዎን ትተው አሮጌ ሎጎችን በየጊዜው በአዲስ ለሚተካው ለሎግሮቴት ይስጡት። ፋይሉን ካዞረ (አሮጌውን በሌላ ስም ካስቀመጠ) በኋላ ፕሮግራሙ ሎጉን እንደገና እንዲከፍት ሲግናል (ምልክት) እንዲልክለት ማዘዝዎን አይርሱ፤ አለዚያ ፕሮግራሙ አሮጌውን ፋይል እንደያዘ ይቀጥላል።